ስለ ፕሮፌሰር ኢላይሳኔ ሎሎሄያ ዕረፍት እና ስማቸው ሊለጠፍበት ስለታሰበው ክፍል

በኒው ዚላንድ፣ በደቡብ ኦክላንድ የሚገኘው የቶንጋ ተወላጅ የጉበት ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ማኅበር፣ መሥራቹና የክብር ሰብሳቢው የነበሩት ፕሮፌሰር ኢላይሳኔ ሎሎሄያ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ማንጌሬ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በሰባ አራት ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለሕዝቡ ሲያሳውቅ ጥልቅ ሀዘን ይሰማዋል። ትናንት ቀብረናቸዋል።

ሀዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ መግለጫ አጭር በሆነ ነበር። ፕሮፌሰሯ የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱበት የሆስፒታሉ የጉበት ክፍል ከእኛ ቀድሞ የራሱን መግለጫ አውጥቷል። በመግለጫውም «በባህሎች መካከል ድልድይ የዘረጉ፣ ፈገግታቸው ዋርዱን ያሞቀው» ብሏቸዋል። አንብበነዋል፤ ማንበብ ለማይችሉት አባሎቻችንም ጮክ ብለን አንብበንላቸዋል። ከእነርሱ አንዷ ሰምተው ሲጨርሱ «ይቺ ደግሞ የማን ሟች ናት? እኛ የምናውቃት ፈገግ ስትል አይቼ አላውቅም» ብለዋል። ስለዚህ የምናውቃቸውን ሴት ራሳችን እንጽፋለን። የተጸየፍነውንም ነገር አንሸፋፍንም።

ፕሮፌሰር ኢላይሳኔ እ.ኤ.አ. በ1951 በቶንጋ፣ በሃአፓይ ደሴቶች፣ በሃአኖ ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ፣ እናታቸው ሰሌን ሠሪ ነበሩ። እናታቸው በጉበት ካንሰር ሞተዋል፤ ያኔ ግን የበሽታውን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ሆዳቸው አበጠ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ሞቱ። ጎረቤት የሚያወራው ይህንኑ ነበር። ልጃቸው ወደ ፊጂ፣ ሱቫ ሄደው ሕክምና ተማሩ፤ ከዚያም ኦክላንድ መጥተው የጉበት ሐኪም ሆኑ። በዚያን ጊዜ በዋርዱ ውስጥ ከእኛ ወገን የነበሩት ሐኪም እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ከእኛ ወገን የነበሩት ሕሙማን ግን ብዙ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት በሽታ ለመመርመር ወደ ሃአፓይ ከተጓዘው ቡድን ጋር ሄዱ። ቡድኑን የሚመሩት የውጭ ሐኪም ነበሩ። መሪው እያንዳንዱ ቤተሰብ ተሰብስቦ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እንዲገባ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ክንዱን እየገለጠ ደም እንዲሰጥ አዘዙ። እህቶች በፊት በር ሲገቡ ወንድሞች በጓሮ በር ወጡ። መሪው «ወንዶቹ መርፌ ይፈራሉ» ብለው ደመደሙ። ወጣቷ ሐኪም ግን ከአዳራሹ ጀርባ ሄደው ወንዶቹን ዛፍ ሥር ሲሳሳቁ አገኟቸው። የተባባሉትን በኋላ ለማኅበራችን ደጋግመው ነግረውናል።

«መርፌ ፈርታችሁ ነው አሉ» አሏቸው።

«ማን? እኛ?» አለ አንዱ። «ሻርክ ነክሶኝ ቁስሌን በራሴ እጅ የሰፋሁ ሰው እኮ ነኝ!»

«የምን ሻርክ? የገዛ መንጠቆው ነው የወጋው» አሉ ጓደኞቹ።

«ታዲያ ለምን አትገቡም?»

«አንቺ ደግሞ! እህቶቻችን ክንዳቸውን ገልጠው በተቀመጡበት ምን ልንሠራ ነው የምንገባው? እነሱ ሲወጡ ጥሪን።»

በማግስቱ ሴቶች ጠዋት፣ ወንዶች ከሰዓት በኋላ ተጠሩ። አንድም ሰው አልቀረም። መሪው ሐኪም ይህንኑ «በእኔ የተቀየሰ ዘዴ» ብለው በሙያ መጽሔት አሳተሙት። ፕሮፌሰሯ ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ «ዘዴው እናቴ ያስተማረችኝ ወግ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እናቴን አያውቋትም» ይሉ ነበር።

ከዚህ ምርመራ በኋላ በደሴቶቻችን ቫይረሱ በብዛት የሚተላለፈው ከእናት ወደ ልጅ፣ በወሊድ ሰዓት መሆኑን አሳዩ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሕፃናት በተወለዱበት ቀን እንዲከተቡ ከደሴት ደሴት በጀልባ እየዞሩ አዋላጆችን አሠለጠኑ፤ ክትባቱንም በበረዶ ሣጥን ይዘው ይሄዱ ነበር። የተቃወማቸው ብዙ ነው። አንድ አባት «ገና ስም ሳይወጣለት መርፌ?» ብለው በር ላይ ሲቆሙባቸው «ስሙን እርስዎ ያውጡለት፤ ጉበቱን ለኔ ይተዉልኝ» ብለው አልፈው ገብተዋል። ዛሬ ጉበታቸው ጤነኛ የሆኑ የሠላሳ ዓመት ጎልማሶች በመካከላችን አሉ። ብዙዎቹ ማን እንደከተባቸው አያውቁም።

አሁን ወደ ንቅለ ተከላው እንመጣለን።

ጉበቱ ያለቀ ሰው ከሟች የሚገኝ ጉበት ተራ ይጠብቃል። ተራው ካልደረሰው ጤነኛ የሆነ የቅርብ ዘመድ የጉበቱን ክፋይ ሊሰጠው ይችላል፤ የሰጪውም፣ የተቀባዩም ጉበት መልሶ ያድጋል። በእኛ ቤተሰብ ውስጥ ግን ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ማግኘት ከባድ ነው። እናት ቫይረሱ ከነበረባት ልጆቿም አብዛኛውን ጊዜ አለባቸው፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው ደግሞ መስጠት አይችልም። ስለዚህ ከአንድ እናት ልጆች መካከል ጤነኛ የሆነ አንድ ከተገኘ ያ ሰው የሚናገረው ቃል የሌላውን ሞትና ሕይወት ይወስናል።

የጉበት ክፍሉ አሠራር እንዲህ ነበር። ቤተሰቡን በሙሉ በአንድ ክፍል ያስቀምጣል። ሕመምተኛዋ በመካከል ትሆናለች፤ ወንድሞቿ ዙሪያዋን ይቀመጣሉ። የንቅለ ተከላው አስተባባሪ ሥዕል አውጥታ የሆዷ የት ቦታ እንደሚቀደድ፣ የወንድሟ ሆድ የት ቦታ እንደሚቀደድ ታሳያለች። ከዚያም «ከመካከላችሁ ፈቃደኛ ማነው?» ብላ ትጠይቃለች።

ለአባሎቻችን የቀረውን መንገር አያስፈልግም። ለጉበት ክፍሉ ግን፣ ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ባናውቅም፣ ዛሬም እንነግረዋለን። በእኛ ዘንድ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም። አንዱ ባለበት ስለ ሌላው ገላ አይወራም። ወንድም እህቱ በተቀመጠችበት ስለ ሆዷ ቃል ከተነፈሰ አዋርዷታል። ስለዚህ ወንድሞች በዚያ ክፍል ውስጥ ጉልበታቸውን እያዩ ዝም ይላሉ። አስተባባሪዋ ጥቂት ትጠብቅና «ቤተሰቡ ፈቃደኛ አይደለም» ብላ ትጽፋለች። በዚህ ዓይነት ስንት እህቶቻችን እንደሞቱ ፈጣሪ ይወቀው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሮፌሰር ኢላይሳኔ በዚያ ክፍል ጥግ ተቀምጠው ሳለ ሜሊያሜ የምትባል ሕመምተኛ ከወንድሟ ከሶሳያ ጋር ቀረበች። ሶሳያ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ በር የሚሞላ ሰው ነበር። ሥዕሉ ሲወጣ ተነስቶ ወጣ። ፕሮፌሰሯ እስከ መኪና ማቆሚያው ተከተሉት።

«ሶሳያ፣ ለምን ጥለህ ወጣህ?»

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አላቸው ተቆጥቶ። «ከየት ነው የመጣሽው? እህቴን ፊት ለፊቴ አስቀምጠው ስለ ሆዷ ይጠይቁኛል! ተቀደደ፣ ተሰፋ ይሉኛል! አንቺም እዚያ ተቀምጠሽ ትሰሚያለሽ!»

«ጉበትህን ትሰጣለህ ወይ ነው ያሉህ።»

«ይውሰዱት! ሁለቱንም ይውሰዱት!»

«ያለህ አንድ ነው።»

«አንዱን ይውሰዱታ! እዚያ ክፍል ግን አልመለስም። በሬሳዬም ቢሆን አልመለስም።»

ፕሮፌሰሯ ወደ ላይ ሮጠው ቃሉን ለባልደረቦቻቸው ነገሩ። እነርሱ ግን ሰውየው በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ግፊት ተደርጎበታል፣ ቃሉም ተቀባይነት የለውም አሏቸው። ሜሊያሜ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ልጆቿ ገና ትንንሾች ስለነበሩ «አጎታችሁ ፈቃደኛ አልነበረም» የሚለውን ከሆስፒታል ሰምተው አደጉ። ሶሳያ ካቻምና እስኪሞት ድረስ ቤቱን አልረገጡም።

እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 ፕሮፌሰሯ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥናት አካሄዱ። ሌሎች ሐኪሞች ደም እያዩ ሲመራመሩ እርሳቸው ወደየሟቿ ወንድም ቤት እየሄዱ ቡና ቤት እንዳለ ሰው ተቀምጠው ወሬ ያዳምጣሉ ተብለው ተሳቀባቸው። ከአንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም «እዚህ የምንሠራው ጉበት ነው ወይስ ሽምግልና?» የሚል ጥያቄ ተሰንዝሮባቸዋል። «ጉበቱ የሚመጣው በሰው ውስጥ ሆኖ ነው» ብለው መለሱለት።

እ.ኤ.አ. በ2012 አሠራሩን አስለወጡ። ወንድም ለብቻው፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ በር ይገባል። ወንድ ሐኪም ብቻውን ይጠይቀዋል። እሺ ካለ ለእህትየው የሚነግሯት የአባታቸው እህት ናቸው፤ የአባት እህት ከወንድሞቻቸው ልጆች ሁሉ በላይ ስለሆኑ ለሁለቱም መናገር ይችላሉና። እምቢ ያለም ነበር። ፕሮፌሰሯ ስለ እምቢታውም እንዲሁ ይጠነቀቁ ነበር፤ እምቢ ያለ ሰው ቃሉ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል፣ ለቤተሰቡ «ጉበቱ አይሆንም» ብቻ ይባላል። ባህል ያስገድዳል ለሚሏቸው ሐኪሞች «የሚያስገድደው የእናንተ ክፍል ነው፤ ዝም እንዲል» ይሏቸው ነበር። በዚህ አሠራር የዳኑ ሰዎች ትናንት የፕሮፌሰሯን አስከሬን አጅበዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ጡረታ ወጡ። የጉበት ክፍሉ የስንብት ኬክ ቆረሰላቸው። በዓመቱ አሠራራቸውን ሰረዘው። ሁለት ቀጠሮ ጊዜ ያባክናል ተባለ። መላው ቤተሰብ አብሮ ወደሚቀመጥበት የቀድሞ ክፍል ተመለሱ። ለዚህም አዲስ ስም አወጡለት፦ «ቤተሰብን ያማከለ ውይይት»። ክፍሉን አደሱት፣ ሶፋ አስገቡ፣ የባሕር ዳርና የዘንባባ ሥዕል ሰቀሉ፣ ለሚያለቅስ ሰው መሀረብ አስቀመጡ። ፕሮፌሰሯ በዱላ ተደግፈው ሄደው አይተውታል። ተመልሰው በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተናገሩት ይህን ነበር፦ «የዘንባባ ሥዕል ሰቅለውላችኋል። አገራችሁ ያላችሁ እንዲመስላችሁ ነው። ለሥዕሉ ግድግዳ ካላቸው ሁለተኛ በር የሚከፍቱበት ቦታም አይጠፋቸውም ነበር።»

ባለፈው ወር በዚያው ክፍል የሆነውን እንነግራችኋለን፤ ይህን መግለጫ ያስረዘመው እርሱ ነው።

እህታችን ፉሲ ቫይፑሉ የሦስት ልጆች እናት ናት። ጉበቷ አልቋል፤ ሆዷ ውሃ ቋጥሯል፤ ከሟች የሚገኝ ጉበት ተራዋ እስኪደርስ እንደማትቆይ ሐኪሞቿ ራሳቸው ተናግረዋል። ከእናቷ ልጆች መካከል ጤነኛ ጉበት ያለው ታናሽ ወንድሟ ፔኒሲማኒ ብቻ ነው። ጤነኛ የሆነውም እ.ኤ.አ. በ1994 ሃአፓይ ውስጥ ሲወለድ ፕሮፌሰር ኢላይሳኔ ያሠለጠኗቸው አዋላጅ በዚያው ቀን ስለከተቡት ነው። ፉሲ ክትባቱ ሳይጀመር ስለተወለደች አልደረሰላትም።

ፔኒሲማኒ ከሥራ ቀርቶ፣ የግንባታ ጫማውን እንዳደረገ መጣ። ከእህቱ ፊት ለፊት አስቀመጡት። ሥዕሉ ወጣ። ዝም አለ። አስተባባሪዋ በደግነት ድምፅ «ምንም አይደለም፤ ማንም አያስገድድህም። ዝምታም መልስ ነው» አለችው። መሀረቡንም አቀረበችለት። ከዚያ ጻፈች።

በመተላለፊያው ላይ የፉሲ የመጀመሪያ ልጅ ካሎላይኔ፣ እዚህ ተወልዳ ያደገችው፣ አጎቷን ያዘችው።

«እማዬን እምቢ አልካት አይደል?»

እህቱ በተሽከርካሪ ወንበር ከኋላቸው ነበረች። ፔኒሲማኒ ጫማውን አየ።

«ቢያንስ አፍህን ክፈት! ፈሪ!» አለችው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አባቱ እህት ወደ ወይዘሮ ላቪኒያ ሄዶ «አክስቴ፣ እሰጣለሁ። እርስዎ ይንገሩልኝ» አላቸው። ወይዘሮ ላቪኒያ ወደ ጉበት ክፍሉ ደወሉ። የሦስተኛ ወገን ቃል እንደማይቀበሉ ነገሯቸው። ልጁ ብቻውን መጥቶ ይጠየቅ አሉ፤ አሠራሩ አይፈቅድም ተባሉ። ከፈለጉ ግን ሌላ የቤተሰብ ውይይት ቀጠሮ እንደሚይዙላቸው፣ ሁሉም አንድ ላይ መምጣት እንደሚችሉ ተነገራቸው። «በዚያው ክፍል?» ብለው ጠየቁ። «አዎ፣ በጣም ምቹ ክፍል ነው» ተባሉ።

ፕሮፌሰሯ ይህን ሲሰሙ አልጋ ላይ ነበሩ። ስልክ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ደውለው የክፍሉን ኃላፊ ፈለጉ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። ደግመው ደወሉ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው አልቻለም።

የራሳችንንም ሰዎች ተጸይፈናል። ካቫ የሚባለውን የአገራችንን መጠጥ እየጠጡ በክብ ተቀምጠው «ጉበቱን ለቢራ ነው የሚቆጥበው» እያሉ የፔኒሲማኒን ስም ሲያነሱ ያመሹ ወንዶች አሉ። አንዳቸውም ለምርመራ ክንዳቸውን ሰጥተው አያውቁም። ለቀብሩ የሀዘን ልብሳችን የሆነውን ሰሌን፣ ትልቁን መርጠው ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ፎቶ አንሺ ወዳለበት ጎን የቆሙትም እነርሱ ናቸው። ስማቸውን ያልጻፍነው አክብረናቸው አይደለም።

ፕሮፌሰሯ ባረፉ በሦስተኛው ቀን ከጉበት ክፍሉ የግብዣ መልእክት ደረሰን። ያ ክፍል፣ ያው ሶፋው፣ ያው ዘንባባው፣ «የኢላይሳኔ ሎሎሄያ የቤተሰብ ክፍል» ተብሎ ሊሰየም መሆኑን አበሰሩን። ወይን ይቀርባል ብለውናል፤ በጉበት ክፍል ውስጥ ወይን። ገላቸውን ዘይት ተቀብተው የሚጨፍሩ ልጃገረዶች እንድንልክላቸው ጠይቀውናል። ሪባኑን ደግሞ «ከማኅበረሰባችሁ የሆነች አንዲት ሕመምተኛ፣ ለምሳሌ ወይዘሮ ፉሲ፣ ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ» ብትቆርጥላቸው ደስ እንደሚላቸው ገልጸዋል።

ደግመን አነበብነው። የተሳሳትን መስሎን ሌላ ሰው እንዲያነብልን ሰጠነው። አልተሳሳትንም። በሕይወታችን ብዙ አስቀያሚ ነገር አይተናል፤ እንዲህ የሚያቅለሸልሽ ነገር ግን በጨዋ ቋንቋ ተጽፎ አይተን አናውቅም።

ትናንት በቀብሩ ላይ የክፍሉ ኃላፊ የአበባ ጉንጉን ይዘው መጡ። ወይዘሮ ላቪኒያ ከአስከሬኑ ራስጌ፣ በልማዳችን እንደ እርሳቸው ላሉ የአባት እህቶች በሚገባው የክብር ቦታ፣ ተቀምጠው ነበር። ኃላፊውን ጠሯቸው።

«ስማኝ የኔ ልጅ፤ የወንድሜ ልጅ ፔኒሲማኒ ጉበቱን ለእህቱ ይሰጣል። ይኸው ነገርኩህ። ሬሳዋም ምስክር ናት።»

«ወይዘሮ፣ ሀዘን ላይ ነን። አሁን ቦታውም ጊዜውም አይደለም» አሉ ኃላፊው።

«ቦታውስ የናንተው ሶፋ ነው፣ ነግራችሁናል። ጊዜው መቼ ነው? ፉሲን ስንቀብር?»

«ከስያሜው ሥነ ሥርዓት በኋላ እናየዋለን። አስተባባሪዋ በዝግጅቱ ተይዛለች።»

«በየትኛው ዝግጅት?»

ኃላፊው አበባውን አስቀምጠው ሄዱ።

ወይዘሮ ላቪኒያ ከዚያ ካሎላይኔን አስጠሯት። ሰው ሁሉ ሰምቷቸዋል።

«ነይ ወዲህ፣ አንቺ ምላስሽ የረዘመ። አጎትሽን ምን አልሽው?»

«እናቴን እምቢ ስላላት ነዋ!»

«አላላትም። ለኔ በዚያው ቀን እሺ ብሎኛል። እናትሽ ባለችበት መናገር አይችልም፣ ገባሽ? አንቺ ከአጎትሽ ቤት መኪናውን፣ ስልኩን፣ የሰንበት ሸሚዙን ሳይቀር ስትወስጂ አንድ ቀን ከልክሎሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«የእህት ልጅ ነሽና መብትሽ ነው፣ ውሰጂ። ጉበቱን ግን አንቺም አትጠይቂው፣ እኔም አልጠይቀው። እሱን ሐኪም ይጠይቀው።»

ፔኒሲማኒ በልማዳችን መሠረት ከወንዶቹ ጋር ውጭ፣ ምግቡ የሚበስልበት የጉድጓድ እሳት ዳር ነበር። ልጅቷ ወጣች። አጠገቡ ደረሰች። «አጎቴ፣ ጭሱ ወዳንተ ነው የሚነፍሰው፤ ወዲህ ቁም» አለችው። «ለምጄዋለሁ» አላት። እጁን ይዛ ሳበችው፤ ተሳበ።

በመሆኑም ማኅበራችን ከሟቿ ቤተሰብ ጋር ተመካክሮ የሚከተለውን ያሳውቃል። የሟቿ ቤተሰብ ስማቸው በዚያ ክፍል ላይ እንዲለጠፍ አልፈቀደም። ማኅበራችን በሥነ ሥርዓቱ ላይ አይገኝም፤ ጨፋሪም አይልክም። ፉሲ ሪባን አትቆርጥም። የፕሮፌሰር ኢላይሳኔን ስም ማክበር የሚፈልግ ሰው በ2012 ያስለወጡትን አሠራር ይመልስ። ለዚያ ሥራ የእብነ በረድ ጽሑፍ አያስፈልግም፤ ሌላ ቀንና ሌላ በር ይበቃል።

ለሟቿ ቤተሰብ፣ በተለይም በልማዳችን መሠረት ከእህታቸው አስከሬን ርቀው፣ እሳት ዳር ሆነው ላለቀሱት ወንድማቸው መጽናናትን እንመኛለን። ከደሴት ደሴት በጀልባ አብረዋቸው ለዞሩ አዋላጆች፣ እየተሳቀባቸው ከጎናቸው ላልተለዩ ጥቂት ነርሶችና ሐኪሞች ሀዘናችሁ ሀዘናችን ነው እንላለን።

በዚያ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው «ፈቃደኛ አይደለም» ለተባሉ ቤተሰቦች ሁሉም፣ ዘግይተንም ቢሆን፣ እንጽፋለን። የሜሊያሜ ልጆች፣ አጎታችሁ ሶሳያ እምቢ አላለም። በመኪና ማቆሚያው ውስጥ እየጮኸ ሰጥቷል። መቃብሩ የእናታችሁ መቃብር ባለበት ግቢ ነው፤ ሂዱና አልቅሱለት።

ለጉበት ክፍሉ የምናቀርበው የሀዘን ቃል የለንም። ለፉሲም መግለጫ አንጽፍም፤ ፉሲ በሕይወት አለች።

ፔኒሲማኒ ማክሰኞ ጠዋት በጓሮ በር ይመጣል። እህቱን ከዋርዷ አታውርዷት። ልጇንም አትጥሩ። ሥዕሉን ለእሱ ብቻ አሳዩት። እኛ መንገዱ ዳር ሆነን እንጠብቃለን፤ አንገባም። ብቻውን ጠይቁት፤ የሚላችሁንም ጻፉ።